አልነቀል ያለው ቱቦ

ሰሞኑን አንድ የሳይክል ቱቦ አዋርዶኛል። ታሪኩ ረዘም ይላል። የቀድሞ ተማሪዎቼ ግን እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል፤ እናንተን የሚመለከት ነገር አለበት።

ባሕር ዳር የኖረ ሰው ሳይክል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከተማው ሜዳ ነው፤ እኔም ስምንት ዓመት ሙሉ ወደ ክፍል የተመላለስኩት በዚሁ ሳይክሌ ነው። ዘንድሮ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ገባች። ትምህርት ቤቷ ከቤታችን ራቅ ይላል፤ በየቀኑ ደርሶ መልስ ባጃጅ ደግሞ በመምህር ደመወዝ አይሞከርም። «በቃ፣ ሳይክሌን ውሰጂ» አልኳት። በደስታ ዘለለች። ችግሩ ኮርቻው በእኔ ቁመት የተሰቀለ ነው፤ እሷ ስትቀመጥበት እግሯ ፔዳሉ ጋ አይደርስም።

«ዝቅ ማድረግ ነዋ!» አልኩና ብሎኑን ፈታሁ። ኮርቻውን የተሸከመው ቱቦ ግን ንቅንቅ አላለም። በመዶሻ መታሁት፣ እምቢ። ዘይት አጠጥቼ አሳደርኩት፣ እምቢ። በሦስተኛው ቀን «የኬሚስትሪ መምህር አይደለሁ እንዴ!» ብዬ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት። ብሶበት ቁጭ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «አባዬ፣ ወረደ?» ትለኛለች። በአምስተኛው ቀን መጠየቅ አቆመች። ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ እየገፋሁ ገበያ አካባቢ ወዳለ የሳይክል ጠጋኝ ወሰድኩት። ገና ሲያየኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሳ። «ቲቸር! እንዴት ነዎት?»

ስሙን አልጽፍም፤ አላስፈቀድኩትም። ግን ወዲያው አስታወስኩት። አሥረኛ ክፍል እያለ ስለ ጋልቫኒክ ሴል ሳስተምር እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ይሄ ለምን ይጠቅመናል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔም «ላልገባው ሰው ለምንም አይጠቅምም» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። በዓመቱ ትምህርቱን አቋረጠ። በእኔ ምክንያት ነው አልልም፤ ቤታቸው ችግር እንደነበረ በኋላ ሰምቻለሁ። ግን ከዚያ ቀን በኋላ እጁን ሲያወጣ አይቼው አላውቅም።

ከአሮጌ ስፒከር የወጣች ማግኔት አንስቶ የሳይክሉን አካል ነካው፤ ያዘች። ቱቦውን ነካው፤ አልያዘችም። «ይኸው፣ አካሉ ብረት፣ ቱቦው አልሙኒየም። ሁለቱ አይዋደዱም ቲቸር። ዝናብና ላብ ሲገባባቸው ይነካከሳሉ» አለ።

በቁሜ ደነዘዝኩ። ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች ተነካክተው፣ መሃላቸው ጨው ያለበት ውሃ! ጋልቫኒክ ሴል ማለት እኮ ይኸው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ዚንክና ኮፐር እየሳልኩ ራሴ የምቀመጥበትን አላየሁም። ሠንጠረዡን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ አልሙኒየም ኔጌቲቭ 1.66 ቮልት፣ አይረን ኔጌቲቭ 0.44። ኤሌክትሮን የሚሰጠውም የሚበላውም አልሙኒየሙ ነው። የሚፈጠረው ኦክሳይድ ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል፤ መሄጃ ስለሌለው እንደ ሽብልቅ ይወጥራል።

የፈላ ውሃውን ስነግረው ሳቀ። «አጠበቁት እንጂ! አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት በላይ ያብጣል።» እውነቱን ነው። በአንድ ዲግሪ ብረት በሚሊዮን 12 ገደማ ሲለጠጥ አልሙኒየም 23 ይለጠጣል። ቁጥሩን እኔ አውቃለሁ፤ ነገሩን የሚያውቀው እሱ ነው።

«ወይ ቱቦው ወይ ሳይክሉ፣ አንዱን ይምረጡ» አለኝ። ሳይክሉን መረጥኩ። ሁለት ቀን ጠዋትና ማታ መጋጠሚያው ላይ ዘይት እያንጠባጠበ አቆየው። ሰኞ ስመለስ ከዓሣ ነጋዴ በረዶ አስመጥቶ ጠበቀኝ። ኮርቻውን አውልቆ ቱቦው ውስጥ የተፈጨ በረዶ ሞላበት፤ ሙቀት ያሳበጠውን ቅዝቃዜ ያኮማትረዋል። ትንሽ ቆይቶ በረዶውን ደፋ፣ ሳይክሉን ዘቀዘቀና የቱቦውን ጫፍ ሞርሳ ላይ ጠፍሮ አሰረው። ከዚያ ሳይክሉን ራሱን እንደ ትልቅ ቁልፍ ያዝነው፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። «እንዳይስቡ ቲቸር፣ ማዞር ብቻ!» አለኝ።

ጧ! አለ። የተሰበረ መስሎኝ ልቤ ቀጥ አለ። «ለቀቀ» አለኝ። ወዲያ ወዲህ እያዞርን ስናወጣው ቱቦው ኖራ በመሰለ ነጭ ዱቄት ተለብጧል።

ይቅርታ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልወጣ አለኝ። በምትኩ አንድ የካርቶን ቁራጭ አንስቼ ሴሉን ሳልኩለት፤ አኖዱን፣ ካቶዱን፣ ኤሌክትሮኑ የሚሄድበትን። እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማኝና «ቲቸር፣ ያኔ በሳይክል ቢያስተምሩን ኖሮ ይገባኝ ነበር» አለኝ።

«ስንት ነው?» ብቻ ብዬ ወጣሁ። የተቀበለኝ የአዲሱን ቱቦ ዋጋ ብቻ ነው።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ሄጄ ያን ቀን ክፍል ውስጥ ያልኩትን ነገር አነሳሁና ይቅርታ ጠየቅኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ትዝ ይለኛል» አለ። ሌላ አልጨመረም። ሻይ አዘዘልኝ፤ አብረን ጠጣን።

ሳይክል ያላችሁ፣ ክረምት ሲገባና ሲወጣ ያንን ቱቦ እየነቀላችሁ ጥረጉት፣ ግራሶ ቀቡት። ግራሶው ውሃውን ያርቃል፤ ውሃ ከሌለ ሴሉ አይሠራም። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እኔ ስምንት ዓመት ዝም ብዬው ነው እዚህ የደረሰው።

የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ «ለምን ይጠቅማል?» ብላችሁኝ አፋችሁን ያስያዝኳችሁ ካላችሁ ጥያቄያችሁን ከታች ጻፉልኝ። ዘግይቶም ቢሆን እመልሳለሁ። የማላውቀው ከሆነም አላውቅም እላለሁ።

ልጄ ዛሬ ጠዋት በሳይክል ሄደች።