«ሲስተም የለም» ሲሉን የሚፈልጉት ምንድን ነው?

መስኮት ፊት ተሰልፋችሁ «ሲስተም የለም» ስትባሉ አንዳንዴ ሲስተሙ አለ። መብራትም አለ፣ ኔትወርክም አለ። የጠፋው የቆመው ማሽን የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው።

ነፃ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ዲግሪዬ ከኮምፒዩተር ጋር አይተዋወቅም። ባለፈው ክረምት ግን ለአንድ ዘገባ ስሙን ወደማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት ሄጄ፣ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማውቀው የአይቲ ባለሙያ አጠገብ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። ከፋይናንስ ክፍል ስልክ ተደወለ፦ የደመወዝ ፕሮግራሙ አልከፍት ብሏል፣ ቀኑ ደግሞ 28 ነው። ወዳጄ የማስተዳደሪያውን ገጽ ከፈተ። በግራ በኩል ከመቶ በላይ የማሽን ስም ተደርድሯል። የፍለጋ ሳጥኑ ላይ «ደመወዝ» ብሎ በላቲን ፊደል ጻፈ፤ ምንም የለም። «ፔይሮል» አለ፤ ሁለት መጣ፣ ሁለቱም ከጠፉ ቆይተዋል። በመጨረሻ ስልኩን አንስቶ ከሁለት ዓመት በፊት ለቅቆ ባንክ ለገባ ባልደረባው ደወለ።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ እየረበሽኩህ ነው። ደሞዙ የትኛው ላይ ነበር?»

«‘ቴስት ሁለት’ ላይ ነው። እንዳትነካው ብዬህ አልነበር?»

የብዙ ሰው የወር ደመወዝ የሚሠራበት ማሽን ስሙ «ሙከራ ሁለት» ነው። ሳቅን። ሰውየው ባያነሳ ኖሮ አንስቅም ነበር።

ነገሩን ለማያውቁት ላስረዳ። ቨርቹዋል ማሽን የሚባለው በአንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ውስጥ በሶፍትዌር ተከፋፍሎ የሚኖር ሌላ ኮምፒዩተር ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አሥር ክፍል አከራይቶ እንደሚኖር ባለቤት አስቡት፤ እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ በርና ቁልፍ አለው፣ ውኃና መብራቱ ግን የግቢው ነው። መክፈት ቀላል ስለሆነ ይበዛሉ። ለሙከራ የተከፈተው ሳይዘጋ ይቀራል፣ የቀረው ሥራ ይሰጠዋል፣ ሥራ የተሰጠው ደግሞ ስሙን የሚቀይርለት የለም። ግቢው ውስጥ ማን እንዳለ ባለቤቱ ራሱ የማያውቅበት ቀን ይመጣል።

አሁን ወደ ፍለጋው። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ቁጥር ጠይቆ ቤት ያገኘ ሰው ስንት ታውቃላችሁ? ቁጥሩ በሩ ላይ ተለጥፏል፣ ወረዳም መዝግቦታል፣ ግን እኛ «ከዳቦ ቤቱ ገባ ብለህ፣ ቀይ በር፣ ፊት ለፊቱ ባለ ቆርቆሮ ሱቅ» እያልን ነው የምንገናኘው። ሰው የሚያስታውሰው ስም ሳይሆን ምልክት ነው። የአይቲ ባለሙያም እንደዚያው፦ «ከፋሲካ በፊት የተከፈተችው»፣ «ፋይናንስ የሚጠቀሙባት»፣ «ዲስኳ ሁልጊዜ የሚሞላው»። ወዳጄ ፊት የነበረው ሳጥን ግን የቤት ቁጥር ብቻ ነበር የሚጠይቀው፤ ያውም ፊደል ሳይዛነፍ።

ፊደሉ ደግሞ ለእኛ የራሱ ጣጣ አለው። መግለጫውን በአማርኛ የጻፈ ባለሙያ «ደመወዝ» ካለ «ደሞዝ» ብሎ የሚፈልገው አያገኘውም። «ባሕር ዳር» እና «ባህር ዳር» ለኮምፒዩተር ሁለት ከተሞች ናቸው። በላቲን ሲጻፍ ይብሳል፤ መቀሌን አንዱ በአንድ ‘ኤል’፣ ሌላው በሁለት ይጽፋታል። ወዳጄ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ በ«2016» የሚያልቅ ስም ነበር። ዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ነው ወይስ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተ? እሱም ገብቶ ካላየ አያውቅም። ይህን የውጭ ኩባንያ አስቦ ያስተካክልልናል ብዬ አልጠብቅም። ሀ እና ሐን፣ ሰ እና ሠን አንድ አድርጎ መፈለግ ግን አገር ውስጥ ላለ ፕሮግራመር የማይቻል ሥራ አይደለም።

«ስም መሳሳት ምን ያመጣል?» የሚል ካለ የጊትላብን ታሪክ ያንብብ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ደክሞት የነበረ መሐንዲስ ከሁለት የዳታቤዝ ሰርቨሮች የተጠባባቂውን ማኅደር ሊያጠፋ ፈልጎ የዋናውን ማጥፋት ጀመረ። የሁለቱ ስም የሚለየው በአንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ አንዱ 1 ሌላው 2። በሰከንዶች ውስጥ ቢያቆመውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 አካባቢ ነበር። የስድስት ሰዓት ያህል መረጃ ሳይመለስ ቀረ። ኩባንያው ጉዳዩን ሳይደብቅ በዝርዝር ጻፈው፤ ካቀዳቸው ማስተካከያዎች አንዱ ሠራተኛው የትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለ ስክሪኑ በግልጽ እንዲያሳየው ማድረግ ነበር። (እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ጽሑፉን የምናነበው አይመስለኝም።)

በጁላይ 2024 የክራውድስትራይክ የተበላሸ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት፣ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ሲጥልም ብዙዎቹ የተነሡት አንድ በአንድ በእጅ ነው። እንዲህ ባለ ቀን የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት ይጠገናል» ከመሆኑ በፊት «የትኞቹ ናቸው፣ የቱ ይቅደም» ነው።

ቪኤምዌርም ሆነ ፕሮክስሞክስ በማሽኖች ላይ መለያ መለጠፊያ አላቸው። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ለጣፊ ይፈልጋል። ሥራ በዝቶበት ስም እንኳ ያልሰጠ ሰው አምስት መለያ ይለጥፋል ብሎ ማሰብ የዋህነት ይመስለኛል። ሶፍትዌሩ ራሱ የሚያውቀው ብዙ ነው፦ ማሽኑ መቼ ተከፈተ፣ በማን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ማን ገባበት፣ ስንት ጊዜ ጠፍቶ ተነሣ። ውስጡ በሚጫነው ትንሽ ረዳት ፕሮግራም በኩል ደግሞ የአይፒ አድራሻውንና ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ያያል። ሳጥኑ ይህን ሁሉ ቢፈልግ፣ የፊደል ስህተት ቢታገሥ፣ «ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የቆሙ» ሲባል ቢገባው ወዳጄ ባንክ ድረስ ባልደወለ።

«ባለሙያ ከሆነ ማሽኖቹን ይወቃቸው» የሚሉ አለቆች ሰምቻለሁ። ባለሙያውማ ያውቃቸዋል፤ ችግሩ ይለቃል። የተሻለ ደመወዝ ባለበት ይገባል ወይም ቪዛ ይመጣለታል፣ እውቀቱም አብሮት ይሳፈራል። ርክክብ የሚባለው አንድ ገጽ ወረቀትና የይለፍ ቃል ነው። የቀረው በቀድሞ ሠራተኛ ስልክ ውስጥ ይኖራል።

በሰው ቋንቋ ጠይቃችሁ መልስ የሚሰጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይገባበታል መባሉንም እሰማለሁ። ይግባ። እኔ ግን «ይኼ ነው» ብሎ አንዱን በድፍረት ከሚሰጥ ይልቅ አራት እጩ ዘርዝሮ ለምን እንደመረጣቸው የሚናገረውን እመርጣለሁ፤ በተለይ ቀጣዩ ቁልፍ «አጥፋ» የሚል ከሆነ።

ጊዜው ደግሞ የመምረጫ ነው። ብሮድኮም ቪኤምዌርን በኖቬምበር 2023 ገዝቶ የፈቃድ አከፋፈሉን ከቀየረ ወዲህ ሌላ አማራጭ የሚያዩ ድርጅቶች ጥቂት አይደሉም። የጨረታ ሰነድ ስታዘጋጁ ስለ ፍጥነትና ስለ ዋጋ ከምትጠይቁት ጎን አንድ ፈተና ጨምሩበት። ትናንት የተቀጠረ ልጅ ስክሪኑ ፊት አስቀምጡ፣ ስም ሳትነግሩት «የደመወዙን ማሽን አምጣ» በሉት፣ ሰዓት ያዙ። ስልክ እንዳይደውል ብቻ ከልክሉት።