መስመር የሚያሰፋ፣ መስመር የሚያጠፋ ደንብ

በበሰበሰ ግንድና በረጠበ ቅጠል ላይ የሚኖር፣ ፊዛሩም የተባለ ቢጫና ዝልግልግ ፍጡር አለ። ተክል አይደለም፤ እንስሳም አይደለም፤ ሻጋታ ቢመስልም ከሻጋታ ወገን አይቆጠርም። አንጎል የለውም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2000 ጃፓናዊው ቶሺዩኪ ናካጋኪና ባልደረቦቹ መውጫው በማይለይ ጠመዝማዛ መተላለፊያ ውስጥ ባኖሩት ጊዜ፣ በሁለት ጫፍ የተቀመጠለትን ምግብ በአጭሩ መንገድ አገናኘ። ከ10 ዓመት በኋላ የጃፓንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በቶኪዮ አካባቢ ያሉትን ከተሞች አቀማመጥ ተከትለው 36 የአጃ ቅንጣቶችን በእርጥብ ገጽ ላይ አኖሩ፤ ፍጡሩንም ቶኪዮን በምትወክለው ነጥብ ላይ አስቀመጡት። ብርሃን የሚሸሽ በመሆኑ ተራራውንና ባሕሩን በብርሃን መሰሉለት። በመጀመሪያ በሁሉም አቅጣጫ ተንሰራፋ፤ ቀጥሎ ራሱን ሰበሰበ፤ 26 ሰዓት ሲሞላ ቅንጣቶቹን የሚያያይዙ ቀጫጭን ቧንቧዎች ብቻ ቀሩ። ይህ መረብ በወጪ ቁጠባም ሆነ ጉዳት በመቋቋም መሐንዲሶች ከዘረጉት የባቡር ሐዲድ ጋር የሚወዳደር ሆኖ ተገኘ።

ምሥጢሩ አንድ አጭር ደንብ ነው። ብዙ የሚፈስበት ቧንቧ ይሰፋል፤ ጥቂት የሚፈስበት ይቀጥናል፤ ኋላም ይጠፋል።

በዚያው በ2010 ጄፍ ጆንስ የተባለ ተመራማሪ ይህን ጠባይ በኮምፒዩተር አስመሰለው። እልፍ አእላፍ ነጥቦች ይንቀሳቀሳሉ፤ እያንዳንዷ ነጥብ በሄደችበት ዱካ ትተዋለች፤ ከፊቷ የበረታ ዱካ ካገኘችም ወደዚያው ትታጠፋለች። ዱካው ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ከዚህ በኋላ በርካታ ሠዓሊያን ዘዴውን ተቀብለው ዐይን የሚያፈዝዙ ሥራዎችን አቅርበዋል፤ አንዱ እንደ ዳንቴል፣ ሌላው እንደ ዛፍ ሥር፣ ሌላው ከአውሮፕላን ላይ በሌሊት እንደሚታይ ከተማ። ሠዓሊው አንዲት መስመር እንኳ በእጁ አላሰመረም። ታዲያ ሥራው የማን ነው? ጥያቄው ብዙ ያከራክራል፤ ነገር ግን ያን ያህል የከበደ አይደለም። የብራና ጌጥ የሆነው ሐረግም ስሙን ከተክል ወስዶ በመጠላለፍ ሥርዓት የሚያድግ ነው፤ ሥርዓቱም የጠቢቡን ድርሻ ሲነጥቀው አልታየም።

የከበደው ጥያቄ ሌላ ነው። እነዚህ ሥዕሎች የሚያምሩት ደንቡ ባስቀረው ብቻ ሳይሆን ባጠፋውም ጭምር ነው። በጃፓን በሆካይዶ ደሴት ኪዩ-ሺራታኪ የሚባል ትንሽ የባቡር ጣቢያ ነበር። ተሳፋሪው እያነሰ በመሄዱ እ.ኤ.አ. በማርች 2016 በዚያው መስመር ካሉ ሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ተዘጋ። በሥዕሉ ቋንቋ ቢነገር አንድ ክር ቀጠነና ጠፋ ማለት ነው፤ መረቡም ጠራ። በመንደሩ ቋንቋ ግን ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ በሽተኛው ወደ ሐኪም የሚሄድበት በር ተዘጋ። በኤግዚቢሽን አዳራሽ የሚሰቀሉት መረቦች ከሞላ ጎደል የመጀመሪያውን ቋንቋ ብቻ ይናገራሉ። ውበታቸውም በዚሁ ልክ ቀዝቃዛ ነው።

ተፈጥሮም ቢሆን እንዲህ ጨካኝ ቆጣቢ ብቻ አይደለችም። ቅጠልን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየ ሰው የደም ሥር የሚመስሉት መስመሮች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ብቻ ሳይሆኑ እርስ በርስ የተያያዙ ቀለበቶች መሆናቸውን ያስተውላል። ለቁጠባ ቢባል ቀለበቱ ትርፍ ነው። ትል ቅጠሉን በበሳው ጊዜ ግን ውኃው ዞሮ የሚያልፈው በዚያ ትርፍ መንገድ ነው። ፊዛሩሙ ራሱም ቢሆን ሥዕሉ እንደሚያሳየው ያህል ረሺ አይደለም፤ ያለፈበትን ቦታ በዝልግልግ ዱካው እየለየ ዳግመኛ እንዳይመለስበት እንደሚጠቀምበት በ2012 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

ዱካው በምን ፍጥነት እንደሚደበዝዝ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚወስነው አንድ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን የሚመርጠውም ሠዓሊው ነው። መጥፊያው ቢዘገይ ሥዕሉ ብዥ ይላል፤ ለግድግዳ ጌጥነትም ያን ያህል አይመችም። ተመልካቹ ግን ከደማቁ መስመር አጠገብ የፈዘዘውን፣ ሰው መሄድ ያቆመበትን መንገድ እስከ ጫፉ ድረስ በዐይኑ ሊከተለው ይችላል።