ቀለሙን ወደድነው

እኔ ባደግሁባት የምሥራቅ ጎጃም ከተማ የአንድን ቤት አቅም ለመገመት ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ቆዳ ማየት ይበቃ ነበር። ስልቻና ጠፍር የሌለው ቤት አልነበረም፤ እነሱ ጭስና ቅባት ጠጥተው የጠቆሩ የዘወትር ዕቃዎች ናቸው። ትንሽ ከፍ ሲል ዛጎል የተሰካበት አንቀልባ ወይም ቆዳ የለበሰ አገልግል ይታያል። ትልቁ ቤት ግን ባሕር አረብ ያለው ነው፤ የዳዊት ማኅደር፣ የበቅሎ ዕቃ፣ የጎራዴ ሰገባ። ባሕር አረብ እንደ ማረቆ በርበሬ የቀላ የፍየል ቆዳ ነው። እንግዳ ሲመጣ ከተሰቀለበት የሚወርደው እሱ ነበር። ይዳሰሳል፣ ይሸተታል፣ "ይኼ የማን ነው?" ይባላል። የሚጠራው ሁልጊዜ የባለቤቱ ስም ነው። ማን እንዳለፋው፣ ማን እንዳቀላው የጠየቀ ሰው አላስታውስም።

ያለፋው ሰውዬ ቤቱ ከከተማው በታች፣ ወንዙ ወደሚወርድበት በኩል ነበር። ለምን ከሰው ተለይቶ እንደሚኖር ሲጠየቁ ትልልቆቹ ሽታውን ምክንያት ያደርጋሉ። ሽታውስ እውነት ነው። እኛ ልጆች ግን ጥጃ ጥበቃ በሚል ሰበብ ወደዚያ መውረድ እንወድ ነበር፤ ምክንያቱም በከተማው ውስጥ ከመልኩ ሌላ መልክ የሚወጣለት ነገር የሚታየው እዚያ ብቻ ነው።

ሌጦው መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ጠጉሩ እንዲለቅ የተፈጨ እምቧይ ወይም አመድ ይገባበታል፤ ከዚያ ሰውዬው አግዳሚ እንጨት ላይ ዘርግቶ በመፋቂያ ይገፈዋል። ነጭ ሆኖ ሲወጣ የተወቀጠ የግራር ልጣጭ ባለበት ጋን ውስጥ ይከተታል። እዚያ የሚቆየው ለሳምንታት ነው። አሁን ሳስበው የሚገርመኝ ማልፋትና ማቅለም ሁለት ሥራ አለመሆናቸው ነው። ቆዳው እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ልጣጭ ራሱ ነው የሚያቀላው። ቀለሙ ቀስ ብሎ ከሁለቱም ፊት ይገባና መሐል ላይ ይገናኛል፤ ቆዳው ሲቆረጥ ጠርዙም ውስጡም አንድ መልክ ነው። ይበልጥ እንዲቀላ ሲፈለግ የመቅመቆ ሥር ተቀቅሎ ይጨመራል። በመጨረሻ ሰውዬው በኑግ ቅባት እያሸ በእግሩ ይረግጠዋል፤ ሚስቱም ትረግጣለች፤ ልጆቹም ይረግጣሉ። ጨዋታ ይመስለን ነበር።

ጥቁር ሲያስፈልግ ደግሞ ከቀጥቃጩ ቤት የብረት ፍርፋሪ ይመጣል። ዝገቱ በኮመጠጠ ውኃ ውስጥ ከርሞ በቀላው ቆዳ ላይ ሲቀባ ቆዳው ዓይናችን እያየ ይጠቁራል። ምትሃት ነው ብለን ወደ ኋላ የምንሸሸው ልጆች ጥቂት አልነበርንም። ምትሃት አልነበረም፤ በልጣጩ ውስጥ ያለው ጣኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ይሆናል። አውሮፓ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት መጽሐፍ የተጻፈበት ጥቁር ቀለም የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነበር። ሰውዬው ይህን አልተማረም፤ ግን ብረቱ ከበዛ ቆዳው እንደሚሰባበር ያውቃል፣ እየለካም ያደርገው ነበር።

ከእሱ የወጣው ቀይ ቆዳ ወደ ደጓሹ ይሄዳል። ደጓሹ የዋንዛ ገበታ አልብሶበት፣ እርጥብ ሳለ በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ያትምበታል። ብረቱ ያረፈበት ቦታ ጠቆር፣ ያላረፈበት ቀላ ብሎ ይቀራል። ሌላ ቀለም አይጨመርም። እንዲህ የተደጎሱ መጻሕፍት ዛሬ በየአገሩ ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም ከመቅደላ ከወሰዷቸው ብራናዎች 350 ያህሉ ለንደን በሚገኘው በብሪቲሽ ላይብረሪ ተቀምጠዋል። ብዙ ጊዜ በብራናው መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ስሙን አስገብቶ ጸሎት ይለምናል፤ ያጻፈውም ስም ይገባል። መጽሐፉ ከመከፈቱ በፊት እጅ የሚያርፍበትን ቆዳ ያለፋው ሰው ስም የለም።

የእኛው ሰውዬ በከተማው የሚጠራው "ፋቂው" ተብሎ ነው። ቃሉ ሥራውን ብቻ የሚናገር ይመስላል፤ ሲነገር የሰማ ግን ምን እንደሆነ ያውቃል። ዓይኑ ይወጋል ተብሎ ይፈራ ነበር። ገበያ ውስጥ ሲያልፍ እናቶች የታዘለ ልጃቸውን በነጠላ ጫፍ ይሸፍናሉ። ልጁ የታዘለበት አንቀልባ የእሱ የእጅ ሥራ ነው። ከእሱ የሚሸፈነው ሕፃን በእሱ ቆዳ ታቅፎ ነው የሚያድገው። ይህን ነገር አንድም ሰው ጮክ ብሎ ሲናገረው አልሰማሁም፤ ያዩት ብዙ ሰዎች ግን የነበሩ ይመስለኛል። ዕቃ ሊያደርስ ሲመጣ ከደጅ ይስተናገዳል። ልጁን የሚድርለት፣ ልጁን የሚያገባለት ከራሱ ወገን ብቻ ነው። ቤተሰቦቼ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ዋጋውን ሳይከራከሩ ይከፍሉት፣ በዓል ሲሆን ያስቡት ነበር። ቡና ጠጣ ብለው ወደ ውስጥ ግን አላስገቡትም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ዐዋጁ ከተነገረ ስድሳ ምናምን ዓመት በኋላ የተወለደበትን ስም ሳይሆን የሥራውን ስድብ እየሰማ የሚያረጅ ሰው እኛ ከተማ ነበረ። ከዚያ አብዮቱ መጣ። የጭቁኖች ቀን ነው ተባለና ሰውዬው በዕደ ጥበብ ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጀ። በስብሰባ ላይ "ጓድ" ሲባል ሰምቼዋለሁ። ስብሰባው ሲበተን ወንድማማቾቹ ጓዶች ወደ ጠጅ ቤት፣ እሱ ወደ ወንዙ ይሄድ ነበር።

የእሱን ቀለም ያሸነፈው ግን ስድብ አይደለም፤ ጥቁር ጫማ ነው። ወጣቱ የፋብሪካ ጫማ ማድረግ ሲጀምር ውበት ማለት እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ ጥቁር ሆነ። የሰንበት ማለዳ ሥራችን ቂዊ መቀባት ነበር። አዲስ አበባ ስንመጣ ያን ሥራ ሊስትሮዎቹ ተረከቡን። የደበዘዘውን ጫማ ማጥቆር፣ ቡናማውን ወደ ጥቁር መለወጥ፣ የተላጠውን ቀለም ቀብቶ ለቃለ መጠይቅ ማድረስ፤ በዚህች ከተማ ስለ ቆዳ ቀለም ከሁሉ በላይ የሚያውቁት የቀለም ሣጥን ላይ የተቀመጡ ልጆች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ፋብሪካውም በሌላ መንገድ ነው የሚያለፋው። ክሮም የሚባለው ማዕድን ጨው ሳምንታት የሚፈጀውን ሥራ በአንድ ቀን ገደማ ይጨርሰዋል። ቆዳው ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የተፈለገውን መልክ ይሰጡታል፤ ሎሚ ቢጫ ቢሉ ሎሚ ቢጫ። የእኛ አገር በግ ደግሞ ብዙ ጊዜ እከክ ይይዘዋል፤ ጠባሳው ሌጦው ላይ ይቀራል። ፋብሪካ ሲሆን መላ አለው፤ ወፍራም ቀለም ከላይ ነፍቶ ጠባሳውን ይደፍነዋል። ያ ቀለም ላይ ላዩን የተቀመጠ ስለሆነ ቦርሳው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ይሰነጠቅና ሰማያዊው ውስጡ ብቅ ይላል። ክሮምን እያናናቅሁ አይደለም፤ ለጓንት የሚፈለገው የሰላሌ በግ ሌጦና ከባቲ የሚመጣው የፍየል ቆዳ በዓለም ገበያ ስም ያወጡት በዚሁ ፋብሪካ በኩል ነው። ነገር ግን ሽታው አልጠፋም። በሞጆ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ይመሰክራል። ድሮ ሽታውን ምክንያት አድርገን አንድ ቤተሰብ ከከተማ በታች አሰፈርን፤ ዛሬ ከፋብሪካው በታች የሚኖረው መንደርተኛ ነው ሽታውን የሚሸከመው። የፋብሪካውን ባለቤት ደግሞ ፋቂ ያለው የለም፤ ኢንቨስተር ነው።

መንግሥት ቆዳው እሴት ተጨምሮበት ይውጣ ብሎ በ2000 ዓ.ም ገደማ በጥሬ ቆዳና ሌጦ ላይ 150 በመቶ የወጪ ቀረጥ ጣለ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ያኔ በፋሲካ ማግስት "ሌጦ ያለው!" እያለ በየሰፈሩ የሚጮኸው ገዥ ደጃችን ላይ ከተፎካካሪው ጋር ይጣላ ነበር፤ የሌጦው ዋጋ ለበጉ ማጣፈጫ ቅመም ይገዛል። አሁን በግ አርደን ሌጦውን የሚወስድልን ሰው እንለምናለን። ዋጋው ወድቆ ወድቆ በበዓል ማግስት አስፋልት ዳር ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው ማየት ለምደናል።

ታዲያ በዚሁ ሰዓት ነው ቀዩ ቆዳ የተመለሰው። ቦሌ አካባቢ በመስታወት ውስጥ መብራት በርቶለት ተቀምጧል። ወረቀቱ ላይ "በእጅ የተሠራ፣ የተፈጥሮ ቀለም" ይላል። ወጥ ያልሆነው መልኩ፣ አንዱ ጎኑ ደመቅ ሌላው ፈዘዝ ማለቱ፣ የእከኩ ጠባሳ ሳይቀር መታየቱ ዋጋ ይጨምርለታል እንጂ አይቀንስበትም። ዋጋውን አልጽፍም፤ ያደግሁባት ከተማ ሰዎች ቢሰሙ የበቅሎ ዋጋ ነው ይሉ ነበር።

ከእነዚህ ቦርሳዎች አንዳንዶቹን የምትሠራ የወዳጄ ልጅ አለች። ጎበዝ ናት። በልጣጭ የለፋ ቆዳ እንደልብ ስለማይገኝ ፍለጋ መከራዋን ታያለች፤ ክሮም የገባው ቆዳ የእሷን ቀለም እንደዚያኛው አይቀበልላትም። ቀለሙን ከውጭ በትንንሽ ጠርሙስ ታስመጣለች፤ በስሱ ትቀባለች፣ ታደርቃለች፣ ደግማ በሌላ አቅጣጫ ትቀባለች፤ የተረፈው የገዢ ልብስ ላይ እንዳይለቅ በጨርቅ ወልውላ በሰም ታሽገዋለች። አንድ ቀን ሄጄ ሳያት የዛገ ምስማር በአቼቶ ዘፍዝፋ ነበር።

"ጋሼ፣ ይኼን ይዩልኝማ" አለችኝ። ብሩሹን ነክራ ቀዩ ቁራጭ ላይ ስታሳርፈው ቆዳው ጠቆረ። "አሜሪካዊ ሰውዬ ነው በቪዲዮ ያስተማረኝ፤ አያምርም?"

"ያምራል" አልኳት። "እኛ ከተማ ይኼን የሚያደርግ ሰው ነበር። ያውም ያለ አቼቶ።"

ዓይኗ በራ። እስክሪብቶ አነሣች። የልጣጩን ነገር፣ የመቅመቆውን፣ የብረቱን፣ የማውቀውን ያህል ነገርኳት። ጽፋ ስትጨርስ የሰውዬውን ስም ጠየቀችኝ፤ ከቦርሳዎቹ ጋር በሚገባው ወረቀት ላይ "በእሳቸው ጥበብ የተሠራ" ብላ ልትጽፍ አስባለች። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼን በስልክ ጠየቅሁ። ቤቱ የነበረበትን ቦታ ያስታውሳሉ፤ የሚስቱን ሳቅ ያስታውሳሉ፤ የሠራልን ማኅደር አሁንም አለ። አክስቴ ጥያቄዬ አልገባ ብሏት፦

"ስሙማ ፋቂው ነዋ!" አለችኝ። "ደግሞስ ምን ልታደርገው ነው? ዕዳ ነበረበት እንዴ?"

ልጅቱ ነገሩን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና ሌላ ሐሳብ አመጣች። የሞተውን ካላገኘን በሕይወት ያሉትን እንጻፍ አለች። ከእሷ ጋር የሚሠሩት ወጣቶች እያንዳንዱ በሠራው ቦርሳ ክዳን ውስጥ ስሙ በጋለ ማኅተም እንዲታተም ወሰነች። ደስ አለኝ፤ ማኅተሙ የሚቀረጽበትን ቦታም እኔ ነኝ የጠቆምኳት።

ሰሞኑን ሄጄ እንዴት ሆነ ስላት አንዱ ልጅ እምቢ ማለቱን ነገረችኝ። ከሁሉ የተሻለ ቀለም የሚያወጣው እሱ ነው። በሥራዋ ላይ ቅሬታ የለውም፤ ደመወዙም ደህና ነው። ወደ ጎን ወስዶ በልመና ነው ያናገራት፦

"እትዬ፣ የኔን ይተዉት እባክዎ። የእጮኛዬ ቤተሰቦች ቢሮ እንደምሠራ ነው የሚያውቁት፤ ደግሞ እናትየው የእርስዎን ቦርሳ ነው የሚይዙት።"