ደምን በኤሌክትሪክ ማበጠር

አዳማ ላይ ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲደርስ ጣቱ ይወጋል። ጠብታዋ ስላይድ ላይ ተቀብታ ትደርቃለች፣ ጊምሳ በሚባል ቀለም ትቀለማለች። ከዚያ የላብራቶሪ ባለሙያዋ ዘይት ጠብ አድርጋ፣ 1000 ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ የወባ ፓራሳይት ትፈልጋለች። ስታገኘው ደግሞ 200 ነጭ የደም ሴል እስኪሞላ እየቆጠረች፣ አብረው የታዩትን ፓራሳይቶች ትመዘግባለች። በወባ ወቅት በሩ ላይ ሰልፍ እያለ ይህን ሥራ በትክክል የሚሠሩ ሰዎች ከሚሰጣቸው ምስጋና በላይ ይገባቸዋል።

ሥራውን የሚያከብደው ብዛት ነው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ 5 ሚሊዮን ገደማ ቀይ ሴሎች አሉ። በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ከፋልሲፓረም ጎን የሚያስቸግረን ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ደግሞ የሚገባው በለጋዎቹ ቀይ ሴሎች ውስጥ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ትንሽ ነው። አርዲቲ የሚባለው ፈጣን የወባ መመርመሪያም ሁሌ አያድንም። ፋልሲፓረምን ለመለየት የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን የጎደላቸው ፓራሳይቶች አገራችን ውስጥ ተገኝተዋል።

ታዲያ የታመሙትን ሴሎች ከጤነኞቹ ለይቶ አንድ ቦታ የሚያከማች ዘዴ ቢኖርስ? አለ፤ ዳይኤሌክትሮፎረሲስ ይባላል።

መስታወት ላይ ከፀጉር የቀጠኑ የወርቅ መስመሮች ይሠራሉ። በላያቸው ደም የሚያልፍበት ጠባብ ቦይ ይዘረጋል። በመስመሮቹ ውስጥ በሰከንድ ሺህ ወይም ሚሊዮን ጊዜ አቅጣጫውን የሚቀያይር የጥቂት ቮልት ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። ኃይሉ የሚበረታው በመስመሮቹ ጠርዝ ላይ ነው፤ ከዚያ ሲርቁ ይደክማል። በዚህ መሐል የገባ ሴል እንደ ሽፋኑ ሁኔታና እንደ ውስጡ ጨው ወይ ወደ ጠርዙ ይሳባል ወይ ይገፋል። የመቀያየሩ ፍጥነት፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲው፣ ሲለወጥ ይሳብ የነበረው ሊገፋ ይችላል፤ ይህ የሚሆንበት ነጥብም እንደ ሴሉ ዓይነት ይለያያል። ገበሬ ምርቱን ሲያበጥር ነፋስ ይጠብቃል፤ እዚህ ነፋሱን የሚመርጠው አበጣሪው ራሱ ነው።

ወባ የገባበት ቀይ ሴል ሽፋኑ ያፈሳል። ጨው በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ የውስጡን ጨው ያጣል፤ ጤነኛው ግን እንደያዘ ይቆያል። በዚህ ልዩነት ሁለቱን መለየት እንደሚቻል ፒተር ጋስኮይንና የአሜሪካና የታይላንድ ባልደረቦቹ በ2002 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ሴሎቹ እንዳይፈነዱ በጨው ምትክ ፈሳሹ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ስኳር ነው። ለላብራቶሪ የተጣራ መሆን አለበት እንጂ፣ ወንጂ አጠገብ ለምንኖር ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም።

እኔን ይህ ዘዴ የሚያጓጓኝ ቀለምም፣ ፀረ እንግዳ አካልም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጥ ኪትም ስለማይፈልግ ነው። እስከማየው ድረስ ላብራቶሪዎቻችን የሚቆሙት ማሽን ከማጣት ይልቅ ሪኤጀንት ከማጣት ነው።

በርግጥ ዛሬ ለታመመ ሰው መፍትሔው ስላይዱና አርዲቲው ናቸው። በእንዲህ ያለ ጠባብ ቦይ አንዲት ጠብታ ለማሳለፍ እንኳ ጊዜ ይፈጃል፣ ቦዩ ይደፈናል፣ ኤሌክትሪኩ ሲበዛ ፈሳሹ ይሞቃል። እነዚህ ግን በመሐንዲስ እጅ የሚፈቱ ችግሮች ናቸው፤ መሐንዲሶች ደግሞ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሉን።

ሌላ ትልቅ ሀብትም አለን። ቫይቫክስን እንደ ፋልሲፓረም በላብራቶሪ ውስጥ ያለማቋረጥ ማራባት እስካሁን አልተቻለም፤ ሊያጠናው የሚፈልግ ከታማሚ የተቀዳ ትኩስ ደም ያስፈልገዋል። ከእስያ የመጣችው ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ የእኛን ወባ ማስተላለፍ ትችል እንደሆነ የፈተሹት ተመራማሪዎች ትንኞቹን ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ሰብስበው፣ የታማሚ ደም ያገኙት አዳማ ነው፤ ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በእንዲህ ያለ ደም ላይ ቫይቫክስ የገባባቸው ሴሎች የሚለዩበትን ፍሪኩዌንሲ ለመለካት ከእኛ የተሻለ ቦታ ያለው ማነው?

የመመረቂያ ሥራ ለምትፈልጉ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች፦ በእርሾ ጀምሩ። ኸርበርት ፖል ለዳይኤሌክትሮፎረሲስ በ1951 እ.ኤ.አ. ስም አወጣለት፤ በ1966 ደግሞ ከአይራ ሆክ ጋር ሆኖ ሕያውና የሞተ እርሾን በዚሁ መንገድ ለየ። የዳቦ እርሾ ከሱቅ ይገዛል። ግማሹን በፍል ውኃ ግደሉት፤ ሁለቱንም በተጣራ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡና ቀላቅሏቸው። በማይክሮስኮፕ ሥር ሁለት ቀጫጭን ሽቦ አቀራርባችሁ ከሲግናል ጄነሬተር ጋር አገናኙ። ከዚያ ፍሪኩዌንሲውን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ሕያዎቹ ሽቦው ላይ ተሰብስበው ሙታኑ የሚቀሩበትን ቁጥር መዝግቡ። ቁጥሩን ከያዛችሁ በኋላ ከአቅራቢያችሁ ሆስፒታል የላብራቶሪ ሰዎች ጋር ተቀመጡ። በታማሚ ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው የሥነ ምግባር ፈቃድ ጊዜ ስለሚወስድ ማመልከቻውን እርሾው ላይ እየሠራችሁ አስገቡ።