ቤት ሲሸጥ የሁለት ሰው ፊርማ

የዝውውር ትእዛዝ በደረሰ ማግሥት ብዙ ቤተሰብ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቤቱን ምን እናድርገው? እኛም ይህን ደጋግመን ሰምተናል። ደላላው ግን ከሁላችንም ቀድሞ ሰምቶ በር ላይ ቆሟል።

ደላላን አንንቅም። ግቢው ይጠረግ፣ ግድግዳው ኖራ ይቀባ፣ ገዢ ብርሃን ሳለ ይምጣ ማለቱ እውነት ነው። የውኃውን ችግርና የክረምቱን ጭቃ ግን ደላላው ቢሸሽገውም ሻጩ ይናገር፤ ገዢ ጎረቤት ጠይቆ ማወቁ አይቀርምና። መሬቱ እንደሆነ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ አይሸጥም።

እጅግ የሚያሳስበን የፊርማው ነገር ነው። ባል በግዳጅ ላይ፣ ሚስት ከልጆች ጋር በቤት። ደላላው «የአንዳችሁ ፊርማ ይበቃል» ይላል። አይበቃም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋራ ቤት ለመሸጥ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም፤ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል።

የአንድ ባልደረባችን ባለቤት ጠቅላላ ውክልናቸውን ይዘው፣ ገዢውን አስከትለው ሄደው ውሉ ሳይጸድቅ ተመለሱ። ልዩ ውክልናው ከሩቅ ምድብ እስኪደርስ ገዢው ሌላ ቤት አገኘ፤ የጭነት መኪናው ቀብድ ግን ተከፍሎ ነበር። ሚስቱ ሳታውቅ የቤት ቀብድ ለሚቀበል ወታደርም ሕጉ ያው ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ባልደረባ ለማለት ይከብደናል።

ዕድሩንና ዕቁቡን ማሰናበት የሴቶቹ ሥራ ብቻ ተደርጎ መታየቱም አይገባንም። ወታደሩ ፈቃድ ባገኘ ጊዜ ውክልናውን በስሙ «ቤት ለመሸጥ» ብሎ ያጽፍ፣ በዚያው ቀን የዕድሩን ዳኛም ይሰናበት።