በእስቱትጋርት የአውቶሞቢል ቤተ መዘክር

በጀርመን አገር በእስቱትጋርት ከተማ ያለውን የመርሴዲስ ቤንዝ ቤተ መዘክር ከሴት ልጃችን ጋራ ጐበኘን። ጐብኚው በአሳንሰር ወደ ላይ ይወጣና ዘመኑን እየተከተለ ወደ ታች ይወርዳል። አስቀድሞ የሚታየው የፈረስ ምስል ነው፤ ቀጥሎም ካርል ቤንዝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1886 ዓ.ም. ያወጣው ባለ 3 መንኰራኵር አውቶሞቢል፥ ፈረሱ የተፈታለት ሠረገላ መስሎ ቆሟል። ዝቅ ሲሉ በ1954 ለሕዝብ የታየው 300 ኤስ ኤል አለ፤ የጐኑ ብረት ከፍ ያለ ስለ ሆነ በሮቹ እንደ ክንፍ ወደ ላይ ይከፈታሉ። ለጌጥ የመሰለን ነገር ችግር የወለደው ብልሃት ኖሯል።

ልጃችን ግን ከቤንዝ ሚስት ከበርታ ታሪክ አልለይ አለች። በርታ በ1888 ባልዋ ሳያውቅ 2 ወንዶች ልጆችዋን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፕፎርጽሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶሞቢል ተጓዘች። የነዳጁ ቧንቧ ቢደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ጠረገችው፤ ፍሬኑ ቢያልቅ ጫማ ሰፊ ቆዳ እንዲያለብሰው አደረገች። በምክርዋም ለዳገት የሚሆን ማርሽ ተጨመረ።

ልጃችን የመኪና ጥገና ልማር ባለችን ጊዜ «የሴት ሙያ አይደለም» ብለናት ነበርና እጅግ አፈርን። ከደጁ ሳንወጣም፦ «ልጃችን ሆይ፥ ተማሪ» አልናት።