የቆርቆሮው ዕዳ

የአክስቴ ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለልኝ እሑድ ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ማታ፣ ከጅቡቲዋ ኦቦክ ነው። ስልኩ የሰው ነበር። ድምፁ ይቆራረጣል፤ ከኋላው ነፋስ ይሰማል። ጋላፊን ካለፉ በኋላ አብዛኛውን መንገድ በእግራቸው መምጣታቸውን፣ አሳል ሐይቅን ማየቱን ነገረኝ። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር የሚወርድ፣ በአፍሪካ ምድር የመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ ነው። እሱ ግን የነገረኝ ስለ ውሃው ነው። «ጨው ነው፤ አይጠጣ። የኛ ሐይቅ ይሻላል» አለኝ። ባሕሩን ትፈራለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው «እዋኝ የለ?» አለኝ። «ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ያሻግሩናል። እትዬን ዱዓ አድርጊልኝ በላት።»

ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም።

ማክሰኞ ጥር 21 ቀን፣ ከኦቦክ በስተሰሜን ካለችው ጎዶሪያ ሁለት ጀልባዎች ሰው ጭነው ወደ የመን ተነሡ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ሄዱ ማዕበል ገለበጣቸው። ከተረፉት አንዱ፣ የ18 ዓመት ልጅ፣ እሱ በነበረበት ጀልባ ላይ ብቻ 130 ሰው እንደነበረና 16ቱ ሴቶች እንደሆኑ ለዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ተናግሯል። አስከሬኑ በየቀኑ ሲለቀም ቆይቶ ከ50 አለፈ። የአክስቴ ልጅ ከሁለቱ ጀልባዎች በአንዱ ላይ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አክስቴ ደወለች። የእናቴ ታናሽ እኅት ናት፤ ተሁለደሬ ወረዳ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ትኖራለች። ወሬውን የሰማችው ወፍጮ ቤት ነው። «ኦቦክ ላይ ጀልባ ሰጠመ ይላሉ። ልጄ የት ነው?» አለችኝ። አላለቀሰችም። የእህል ዋጋ እንደምትጠይቅ፣ ድምፅዋን ያዝ አድርጋ ነው የጠየቀችኝ። እኔም ምራቄን እንኳ ሳልውጥ «አይዞሽ አክስቴ፣ እሱ ቀድሞ ተሻግሯል። ዛሬ ጠዋት ደውሎልኛል፤ የመን ገብቷል» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ሦስት ጊዜ። ስልኩን መዝጋት ረስታ ለጎረቤቶቿ ስትናገር፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ ሰማሁ። እልልታው እስኪያልቅ ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሣ ቆየሁ።

ለምን እንደዋሸሁ ለራሴ ስነግረው የኖርኩት ምክንያት ደም ግፊቷ ነው። ደም ግፊት አለባት፣ እውነት ነው። ነገር ግን ለመንገዱ የሚሆነውን 5,000 ብር ለልጁ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ።

ታኅሣሥ ላይ አዲስ አበባ መጥቶ እኔ ዘንድ ሦስት ቀን አደረ። 19 ዓመቱ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ፈተና አልመጣለትም፤ የአባቱ መሬት ለወንድማማቾች ተከፋፍሎ ለእሱ የደረሰው በሬ አያዞርም። እኩዮቹ ሳዑዲ ገብተው ለየቤታቸው ይልካሉ። «አትሂድ» አልኩት። «እሺ፣ ምን ልሥራ?» አለኝ። ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን «አንተ ባትሰጠኝ በዱቤ እሄዳለሁ» ሲለኝ ተሸነፍኩ። በዱቤ መሄድ ምን እንደሆነ የኛ አገር ሰው ያውቀዋል። ደላላው ሳንቲም ሳይቀበል ያሻግራል። የመን ከጀልባ ሲወርዱ ግን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ አፍነው፣ እየደበደቡ ለቤተሰብ ያስደውላሉ፤ እናት በሬዋን ሸጣ ትልካለች። ብሩን የሰጠሁት ከዚያ ላድነው ብዬ ነው። «ለእትዬ እንዳትነግራት» አለኝ። የኔም ልመና ይኸው ነበር።

እንግዲህ ያን ሐሙስ «አላውቅም» ብላት ኖሮ፣ ውሎ አድሮ የሚመጣው ጥያቄ «የመንገዱን ከየት አገኘ?» የሚል ነው። የሸሸሁት ከዚያ ነው።

ሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይደውላል፣ ውሸቱም እውነት ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አንድ ሳምንት አለፈ፤ አንድ ወር አለፈ። ውሸት ደግሞ እንደ ከብት ነው፤ ካልቀለቡት ያድራል አይባልም። አክስቴ ያላት ቁልፍ የሚነካ ትንሽ ስልክ ነው። እኔም «በኢሞ ነው የሚደውለው፤ ያንቺ ስልክ ኢሞ አይዝም። ጂዛን በኩል ተራራ ላይ ፍየል ይጠብቃል፤ ኔትወርክ የሚያገኘው ሲወርድ ብቻ ነው» አልኳት። አመነች። በየሁለት ሳምንቱ «ምን አለ?» ትለኛለች። «እማዬን ሰላም በልልኝ ብሏል» እላታለሁ፤ ከዚያ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አሠሪው አንድ ሁለት ነገር እጨምራለሁ። መንገድ ሲወጣ መንጋጋውን ያመው ነበርና አንድ ቀን «ጥርሱስ?» አለችኝ። «አስነቅሎታል፤ ተሽሎታል» አልኳት። ደስታዋ በስልክ ይሰማል።

ረመዳን ሲገባ 2,000 ብር ላክሁላት፤ «ልጅሽ በሐዋላ የላከልሽ ነው» ብዬ። እስከ መስከረም አራት ጊዜ ላክሁ፤ 8,000 ብር ሆነ። ታስፈጥርበታለች፣ መድኃኒቷን ትገዛበታለች ብዬ ነበር። አልነካችውም። መስከረም 2012 ልጠይቃት ስሄድ፣ ገና ከአስፋልቱ ሳልወርድ ጣራዋ ፀሐይ ላይ ሲያብለጨልጭ አየሁት። የሣር ክዳኑ ወርዶ ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል። እጄን ይዛ ውስጥ አስገባችኝና ወደ ላይ እያሳየችኝ «ሲመጣ ዝናብ አይነካውም» አለች። ያን ጊዜ ልነግራት ይገባኝ ነበር። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ጎረቤቶች ተሰብስበው ልጁን ይመርቃሉ። ሦስተኛውን ጠጥቼ ተነሣሁ።

ከመራቂዎቹ አንዷ ልጅ ነበራት። ኅዳር ላይ እሱም ሄደ። በወሩ እናቱ አክስቴ ዘንድ መጥታ «ልጅሽ እዚያ ለምዷል፤ የኔውን ይቀበልልኝ፤ ቁጥሩን ስጪኝ» አለቻት። አክስቴ ደወለችልኝ። «ስልኩን ቀይሯል፤ አዲሱን አልነገረኝም» አልኳት። ከዚያ በኋላ ብር መላክም፣ ሰላምታ ማድረስም አቆምኩ። በውሸት ያኖርኩትን ልጅ በዝምታ ሰወርኩት። አክስቴ መሥጋት የጀመረችው ያን ጊዜ ነው፤ እውነተኛው ነገር ከደረሰ ከአንድ ዓመት በኋላ።

ቀይ መስቀል የጠፋ ሰው እንደሚያፈላልግ የነገረቻት አንዲት የገበያ ወዳጇ ናት። «አንተ ተምረሃል፤ ና አብረን እንሂድ» አለችኝ። የካቲት 2012 ደሴ ሄድን።

ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ወጣት ትሑት ልጅ ነበር። ቅጽ አወጣና አንድ በአንድ ይጠይቅ ጀመር። ቁመቱ? መልኩ? አክስቴ ትመልሳለች። በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ፤ በልጅነቱ አህያ ረግጦት ነው። ሲወጣ አረንጓዴ ሹራብ ለብሶ፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምቶ ነበር። ወጣቱ ይጽፋል። «ጥርሱ ላይ የተለየ ምልክት አለ?» አለ። አክስቴም ቶሎ ብላ «አዎ፤ አንድ መንጋጋው የለም። ሳዑዲ አስነቅሎታል» አለች።

እስክሪብቶው ወረቀቱን ነካ። «መንጋጋ፣» የሚለውን ሲጽፍ አየሁት። ያ ወረቀት ጅቡቲና የመን የሚሄድ ነው። አንድ ቀን ስም የሌለው አስከሬን ተገኝቶ አንድ ሰው ቢያነጻጽር፣ መንጋጋው ሙሉ ሆኖ ሲያገኘው «ይህ እሱ አይደለም» ብሎ ያልፈዋል። በአፌ ልጁን ሁለተኛ ልቀብረው ነው። «አይጻፍ» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ በር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ዞሩ። «ጥርሱ አልተነቀለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ደውሎ አያውቅም። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ጥር 19፣ ከኦቦክ ነው።»

ወጣቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አክስቴ መጀመሪያ እኔን አላየችም፤ ወረቀቱን ነው ያየችው፤ ማንበብ አትችልም። ከዚያ «የየትኛው ዓመት ጥር?» አለች። «የአምና» አልኳት። በጣቶቿ ቆጠረች። ቀስ ብላ ነው የቆጠረችው፤ ልጇ ሲቆፍርና ሲያግድ፣ ሲልክና ሲስቅ የኖረበትን ወር ሁሉ አንድ በአንድ እየመለሰች። አሥራ ሦስት።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ትረግመኛለች ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ብዙ ቆይታ «ለዚህ ነዋ እማዬ ያለኝ» አለች። «እትዬ ነበር የሚለኝ። ሰው አገር ሄዶ አፉ ተገራ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ቤተሰብ ቶሎ ካልተናገረ ፍለጋው ምን እንደሚያጣ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ማኅበሩ ይህን የሚሠራው ያለ ክፍያ ነው፤ የሚነሣውም ቤተሰብ ከሚሰጠው ቃል ነው። ከማን ጋር ወጣ፣ በየት በኩል አለፈ፣ መቼ ደወለ። በዚያው ሳምንት ሄደን ቢሆን ከማዕበሉ የተረፉት ገና እዚያው ነበሩ። ፎቶውን አይተው «ይህ ከእኛ ጋር ነበር» ወይም «ይህን አላየነውም» የሚል አንድ ሰው ይገኝ ይሆናል። አንዱም ቢሆን ለአክስቴ ትልቅ ነገር ነበር። በአሥራ ሦስት ወር ውስጥ ግን የተረፉት የት የት እንደ ደረሱ ማን ያውቃል። በዚያ ሙቀት የሞተ ሰው ሳይቀበር አይቆይም፤ ሹራቡም ጫማውም አብሮት ይቀበራል። በዚያ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከ138 ሺህ በላይ ሰው የመን ገብቷል፤ አብዛኛው የኛው አገር ልጅ ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበትን አንድ ልጅ ዘግይቶ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ ወጣቱ በትሕትና አስረዳኝ። እስከ ዛሬ ከቀይ መስቀል የደረሰን መልስ አንድ ነው፤ አልተገኘም።

ያ የጎረቤት ልጅ በ2013 ክረምት፣ ከሳዑዲ እስር ቤቶች በአውሮፕላን ከተመለሱት ጋር ተጠርዞ መጣ። ከስቶ ነበር፤ ግን በሕይወት አለ። ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ። «ቆርቆሮውን አይቼ ነው የሄድኩት» አለኝ፤ ቂም የለበትም። ጂዛን ታስሮ ሳለ ስለ አንድ የሐይቅ ልጅ ሲወራ ሰምቻለሁ ብሎ ለአክስቴ ነግሯታል። ስሙን አያውቅም፤ መልኩን አላየም። እሷ ግን ይህችን ወሬ ይዛ አለች። አስከሬኑ ለሌለ ሟች የሚሰገደው ሶላተል ጋኢብ ይሰገድለት ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። «ሞተ ብሎ የነገረኝ ማን ነው? አለ ብሎ የነገረኝስ ማን ነበር?» አለቻቸው። በየረመዳኑ ሰደቃ ታወጣለች፤ ለነፍሱ ሳይሆን በሰላም እንዲገባ።

ሐምሌ 2017 መጨረሻ ላይ በየመን አብየን የባሕር ዳርቻ ከ150 በላይ ሰው፣ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ፣ የጫነ ጀልባ ሲሰጥም ዜናውን የሰማሁት ሌሊት ነው። አልተኛሁም። የስንቱ ቤት ስልክ እየጮኸ ይሆን፣ ስንቱ ዘመድ «አይዞሽ፣ ደውሎልኛል» እያለ ይሆን እያልኩ ነጋ። ስለ ውሸቱ ለአክስቴ የተናዘዝኩ መስሎኝ ነበር። ስለ 5,000 ብሩ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ትንፍሽ አላልኩም። ይህን ጽፌ ለሰው ከማስነበቤ በፊት መጀመሪያ ለእሷ ልንገራት ብዬ ሐይቅ ሄድኩ።

ከደሴው ቀን ወዲህ በሄድኩ ቁጥር 200 ብር ትሰጠኛለች። «የቆርቆሮው ነው» ትላለች። አልቀበልም ብዬ ለምኛት፣ እግሯ ላይ ወድቄ አውቃለሁ፤ ካልወሰድክ ቤቴ አትምጣ አለች። ከዶሮዋ፣ ከጌሾዋ እያጠራቀመች ነው። እስካሁን 5,400 ብር ከፍላለች።

በዚህኛው ጉዞዬ ነገርኳት። ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ታኅሣሥ ላይ እኔ ዘንድ ማደሩን፣ የለመነኝን፣ የሰጠሁትን፣ ሐሙስ ዕለት ለምን እንደዋሸኋት፣ ሁሉንም። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። እሳቱን በቁርጥራጭ እንጨት አስተካከለች። ከመቀነቷ መሃረቧን ፈትታ ሁለት ድፍን መቶ ብር ቆጥራ እጄ ላይ አስቀመጠች።

«ይኸ የቆርቆሮው ነው» አለች። «እሱን እስኪያልቅ እከፍልሃለሁ። የመንገዱን ግን አልመልስልህም።»

ከዚያ ትንሿን ስልክ ከመሃረቡ አውጥታ ቻርጅ ላይ ሰካቻት።